የአሮጌ ኮምፒውተር ዲስክ አልታይ ሲል፤ ስለ ዲስክ መቈጣጠሪያ ድራይቨር አፈላለግና አጫጫን

የነጋዴ ሀብት በመጋዘን ያለው ሸቀጥና በባንክ ያለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በዱቤ የሰጠውና የተቀበለው፥ የገዛበትና የሸጠበት ዋጋ፥ የከፈለው ቀረጥና ግብር የተጻፈበት መዝገብም ሀብቱ ነው። ይህ መዝገብ ቀድሞ በትልቅ ደብተር በቀለም ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ሱቅና ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በኮምፒውተር ዲስክ ላይ ነው። ኮምፒውተሩም ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው። የሒሳቡ ፕሮግራም በእርሱ ላይ ስለ ተጫነ፥ ሠራተኛውም ስለ ለመደው፥ ከሁሉም በላይ ሥራውን ስላላቋረጠ 10 እና 15 ዓመት ሲያገለግል ይታያል።

እንዲህ ያለው ኮምፒውተር አንድ ቀን ጧት አልነሣም ያለ እንደ ሆነ የሚያመጣውን ጭንቀት የደረሰበት ያውቀዋል። ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶ ይሰነብታል። ሰኞ ጧት ጸሓፊው ኮምፒውተሩን ሲያበራው የዊንዶውስ ምልክት ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል፤ በምትኩ ነጭ ጽሕፈት ያለበት ሰማያዊ ገጽ ይታያል፤ በጽሕፈቱም መካከል በ«7ቢ» የሚጨርስ ረጅም ቍጥር ይነበባል። ጠፍቶ እንደገና ቢበራም ያው ነው። የተጠራው ጠጋኝ ቸኩሎ «ዲስኩ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን» ይላል። ነጋዴው እሺ ያለ እንደ ሆነ የዱቤው መዝገብ፥ የደንበኞቹ ዝርዝር፥ የዕቃው ቈጠራ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊደመሰስ ይችላል። ዲስኩ ግን ምንም ያልሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። የጐደለው በዲስኩና በዊንዶውስ መካከል የሚቆመው አስተርጓሚ ብቻ ነው።

ይህን አስተርጓሚ ምን እንደ ሆነ፥ እንዴት እንደሚፈለግና እንዴት እንደሚጫን ማወቅ የጠጋኝ ሥራ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም። ነጋዴው ሥራውን በእጁ ባይሠራውም፥ ምን መጠየቅና ምን መከልከል እንደሚገባው ሊያውቅ ያስፈልገዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ. መቈጣጠሪያና ድራይቨር ምንድን ናቸው?

ዲስክ እንደ መጋዘን ነው። መቈጣጠሪያ የሚባለው፥ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሣሪያ፥ እንደ መጋዘን ጠባቂ ነው፤ በእርሱ በኩል ካልሆነ በቀር የሚገባም የሚወጣም ነገር የለም። ድራይቨር የሚባለው አነስተኛ ፕሮግራም ደግሞ በዊንዶውስና በዚህ ጠባቂ መካከል የሚያስተረጕም ነው። ወደ ውጭ አገር ወደብ ሄዶ የጠባቂውን ቋንቋ የማያውቅ ነጋዴ ዕቃው በመጋዘኑ መኖሩን እያወቀ ሊያወጣው አይችልም። ዊንዶውስም ትክክለኛው ድራይቨር ከሌለው ዲስኩ አጠገቡ ሳለ ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «ዲስክ አልተገኘም» ባለ ጊዜ ዲስክ የለም፥ ወይም ዲስኩ ሞቷል ማለቱ አይደለም።

የጠባቂዎቹ ቋንቋ በየጊዜው ተለዋውጧል። ቀድሞ የነበረው አይዲኢ የሚባለው፥ ሰፊና ጠፍጣፋ ገመድ ያለው ሥርዐት ነው። በ2003 ዓ.ም. ሳታ የሚባለው፥ ቀጭን ገመድ ያለው ሥርዐት ወጣ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ኤኤችሲአይ የሚባለውን የሳታ መነጋገሪያ ደንብ አወጣ። ዊንዶውስ ኤክስፒ ለገበያ የቀረበው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ እንግዲህ ከእርሱ በኋላ የወጣውን ደንብ ከመጀመሪያው ሊያውቅ አይችልም ነበር። በ2007 ዓ.ም. ለሕዝብ የተሸጠው ዊንዶውስ ቪስታና በ2009 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 7 ግን የኤኤችሲአይን ድራይቨር ይዘው መጡ። ዊንዶውስ 7 በበኩሉ በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የኤንቪኤምኢ ደንብ የሚከተሉትን አዳዲስ ዲስኮች ሳይጨመርለት አያውቃቸውም። ምክንያቱ ያው ነው፤ ማንም ሰው ከእርሱ በኋላ የተፈጠረውን ቋንቋ ሳይማር አይናገርም።

የኮምፒውተር ሠሪዎች ይህን ችግር ለማቃለል ሲሉ ባዮስ በሚባለው፥ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በመጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም ውስጥ ምርጫ አኖሩ። አንዱ ምርጫ አይዲኢ ነው፤ በአንዳንዱ ኮምፒውተር «ኮምፓቲብል»፥ «ሌጋሲ» ወይም «ኤቲኤ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ሲመረጥ አዲሱ መቈጣጠሪያ በአሮጌው ቋንቋ ይናገራል፤ ኤክስፒም ይሰማዋል። ሁለተኛው ኤኤችሲአይ ነው። ሦስተኛው ሬድ የሚባለው ሲሆን ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ዲስኮች እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩበት ነው። ዊንዶውስ በአንደኛው ምርጫ ተጭኖ ሳለ ምርጫው ወደ ሌላው የተለወጠ እንደ ሆነ አስተርጓሚው ይጠፋል፤ በ7ቢ የሚጨርሰው ሰማያዊ ገጽም ይመጣል።

2ኛ. አስቀድሞ የሚደረግ ምርመራ

ኮምፒውተሩ በዚህ ዓይነት የቆመ እንደ ሆነ ከማንኛውም ጥገና በፊት ሦስት ነገር ይመረመራል።

መጀመሪያ፥ ኮምፒውተሩ እንደ በራ «ዴሊት»፥ «ኤፍ2» ወይም «ኤፍ10» የሚለውን ቍልፍ ደጋግሞ በመጫን ወደ ባዮስ ይገባል፤ ቍልፉ እንደ ሠሪው ይለያያል። በዚያ ገጽ የዲስኩ ስም ተጽፎ የተገኘ እንደ ሆነ ዲስኩና ገመዱ መልስ እየሰጡ ነው ማለት ነው። ስሙ ያልተገኘ እንደ ሆነ ግን ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ የዲስኩ ሁለት ገመዶች፥ የኃይሉና የመረጃው፥ በደንብ መግባታቸው ይታያል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ሳይዘገይ ይጥፋ፤ ይህ የአካል ጕዳት ስለ ሆነ ድራይቨር አይፈታውም፤ በተነሣ ቍጥርም ጕዳቱ ይብሳል።

ሁለተኛ፥ በባዮሱ ውስጥ ያለው ቀንና ሰዓት ይታያል። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ከተገኘ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ማለቋን ያመለክታል። ብዙውን ጊዜ ባትሪዋ ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ጋራ ሳይገናኝ በሚቈይበት ጊዜ ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫ የምትጠብቅ እርስዋ ናት። እርስዋ ስታልቅና መብራት ሲጠፋ ባዮሱ ሠሪው መጀመሪያ ወዳኖረው ምርጫ ይመለሳል። ሠሪው ያኖረው ኤኤችሲአይ፥ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነው ግን በአይዲኢ ከሆነ፥ ከላይ የተነገረው የሰኞ ጧት ችግር ይደርሳል።

ሦስተኛ፥ የዲስኩ መቈጣጠሪያ በየትኛው ምርጫ ላይ እንዳለ ይነበባል። አሁን ያለው ኤኤችሲአይ ከሆነ ወደ አይዲኢ ተመልሶ፥ ለውጡም ተመዝግቦ፥ ኮምፒውተሩ ይነሣ። ዊንዶውስ ከተከፈተ ነገሩ አለቀ፤ ባትሪዋን መለወጥ ብቻ ይቀራል። ፎርማት ሊደረግ የነበረው መዝገብ በአንዲት ባትሪ ዋጋ ዳነ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሁለት ዲስክ ኖሮት በሬድ ይሠራ የነበረ ከሆነ ግን ምርጫው መመለስ ያለበት ወደ ሬድ ነው፤ በዚያም ገጽ አዲስ ስብስብ ለመፍጠር የሚጠይቀውን ጥያቄ መቀበል ፈጽሞ አይገባም፤ ዲስኮቹ የያዙትን ሊያጠፋ ይችላልና።

3ኛ. ከሁሉ በፊት ግልባጭ

ምርመራው ችግሩን ካልፈታው፥ ወይም ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ያለበት ከሆነ፥ የመዝገቡ ግልባጭ ሳይወሰድ ወደሚቀጥለው ሥራ መሄድ አይገባም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ የተደመሰሰ መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ የሚለቀም አይደለም።

ግልባጭ ለመውሰድ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፥ ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ደኅና ኮምፒውተር ጋራ ማያያዝ ነው። ሁለተኛው፥ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዐት በፍላሽ ላይ አድርጎ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሣት ነው። ሊኑክስ የብዙ መቈጣጠሪያዎችን ድራይቨር በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ ኤክስፒ ያላየውን ዲስክ ብዙ ጊዜ ያያል፤ በዊንዶውስ የተጻፈውንም ፋይል ያነባል። በዚህ ጊዜ የሒሳቡ ፕሮግራም የሚጽፍበት ማኅደር በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ ይገለበጣል። በሬድ የተያያዙ ዲስኮች ግን አንዱ ለብቻው ወጥቶ ላይነበብ ስለሚችል ይህ ሥራ ልምድ ላለው ባለሙያ ይተዋል።

4ኛ. የመቈጣጠሪያውን ማንነት ማወቅ

ድራይቨር የሚፈለገው በኮምፒውተሩ መልክ ወይም በዲስኩ ስም አይደለም፤ በመቈጣጠሪያው ቍጥር ነው። እያንዳንዱ መቈጣጠሪያ ሁለት ቍጥር አለው፤ አንደኛው ሠሪውን፥ ሁለተኛው መሣሪያውን ያስታውቃል። ቍጥሮቹ እያንዳንዳቸው አራት ምልክት ያላቸው ሲሆኑ ከ0 እስከ 9 ካሉት አኃዞች ሌላ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ይገቡባቸዋል። ከሠሪዎቹ ቍጥር አዘውትረው የሚገኙት እነዚህ ናቸው፤ ኢንቴል 8086፥ ኤኤምዲ 1022፥ ቪያ 1106፥ ሲሊከን ኢሜጅ 1095፥ ኤንቪዲያ 10ዲኢ፥ ጄማይክሮን 197ቢ።

ዊንዶውስ የሚሠራ ከሆነ ቍጥሮቹ «ዲቫይስ ማኔጀር» በሚባለው ቦታ ይገኛሉ። የመቈጣጠሪያው ስም ተመርጦ «ፕሮፐርቲስ»፥ ከዚያም «ዲቴይልስ» የሚለው ሲከፈት «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ የሠሪው፥ «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ የመሣሪያው ቍጥር ይነበባል። ዊንዶውስ የማይሠራ ከሆነ ሊኑክስ ካለበት ፍላሽ ተነሥቶ «ኤልኤስፒሲአይ» የሚባለው ትእዛዝ ሲሰጥ የመሣሪያዎቹን ሁሉ ዝርዝር ያወጣል፤ በትእዛዙ ላይ ሰረዝና ሁለት የእንግሊዝኛ «ኤን» ሲጨመሩ ቍጥሮቹም አብረው ይታያሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጠጋኞችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ያው አንዱ መቈጣጠሪያ እንደ ባዮሱ ምርጫ ቍጥሩን ይለውጣል። ለምሳሌ አይሲኤች9አር የተባለው የኢንቴል መቈጣጠሪያ በአይዲኢ ሲሆን ራሱን 2920 ብሎ ያስታውቃል፤ በኤኤችሲአይ ሲሆን ግን 2922 ይላል። ስለዚህ ለኤኤችሲአይ ድራይቨር የሚፈልግ ሰው ቍጥሩን ማንበብ ያለበት ባዮሱን ወደ ኤኤችሲአይ ካደረገ በኋላ ነው። አለዚያ ለሌላ ቍጥር የተሠራ ድራይቨር ይዞ ይመለሳል።

5ኛ. ድራይቨሩ የሚገኝበት ቦታ

መጀመሪያ የሚጠየቀው የኮምፒውተሩ ሠሪ ኩባንያ ነው። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ወይም ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው የሞዴል ቍጥር በኩባንያው የኢንተርኔት ገጽ ሲገባ ለዚያ ሞዴል የተዘጋጁት ድራይቨሮች ይወጣሉ። ሁለተኛው የመቈጣጠሪያው ሠሪ ነው። ሦስተኛው የማይክሮሶፍት የማሻሻያ ካታሎግ ነው፤ በዚያ ከላይ የተነገሩትን ቍጥሮች አስገብቶ መፈለግ ይቻላል።

ነገር ግን አሮጌ ድራይቨር ለዘለዓለም በቦታው አይቈይም። ኢንቴል በ2019 ዓ.ም. ለብዙ አሮጌ መሣሪያዎች ያኖራቸውን ድራይቨሮችና የባዮስ ማሻሻያዎች ከገጹ አንሥቷል። ሌሎች ሠሪዎች ደግሞ ተዘግተዋል ወይም በሌላ ኩባንያ ተገዝተዋል። በዚህ ጊዜ «ማንኛውንም ድራይቨር በነጻ እናገኛለን» የሚሉ ፕሮግራሞች ይቀርባሉ፤ ከእነዚህ መራቅ ይሻላል፤ አንዳንዶቹ የማይፈለግ ነገር ይጭናሉ፥ አንዳንዶቹም ገንዘብ ይጠይቃሉ።

የተገኘው ድራይቨር ትክክለኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። ከድራይቨሩ ፋይሎች መካከል ስሙ በ«አይኤንኤፍ» የሚጨርሰው ተራ ጽሑፍ ነው። ይህ በ«ኖትፓድ» ተከፍቶ የመሣሪያው ቍጥር፥ ለምሳሌ 2922፥ ይፈለግበታል። ቍጥሩ ከተገኘ ድራይቨሩ ለዚያ መቈጣጠሪያ የተሠራ ነው፤ ካልተገኘ ግን ስሙ ቢመሳሰልም አይሆንም። ከዚህ ሌላ ድራይቨሩ ለየትኛው ዊንዶውስ እንደ ተሠራ፥ ባለ 32 ወይም ባለ 64 ቢት መሆኑም መታየት አለበት። አዲስ እትም ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም፤ ከጊዜ በኋላ የወጡት እትሞች ኤክስፒን ትተውታልና።

6ኛ. አጫጫን

ዊንዶውስ ኤክስፒ እንደ አዲስ ሲጫን ድራይቨሩ የሚሰጠው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ከሲዲው እንደ ተነሣ ከገጹ ግርጌ «ኤፍ6» የሚለውን ቍልፍ መጫን እንደሚቻል የሚገልጽ መስመር ለጥቂት ሰኮንድ ይታያል። ያን ጊዜ ቍልፉ ካልተጫነ ዕድሉ ያልፋል፤ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል። ከተጫነ በኋላ ጥቂት ቈይቶ ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፤ «ኤስ» ተጭኖ ድራይቨሩ ያለበት ፍሎፒ ይገባል፤ ከሚወጣውም ዝርዝር ከመቈጣጠሪያው ጋራ የሚስማማው ስም ይመረጣል። በዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ተመሳሳይ ስሞች ይኖራሉ፤ በግምት የመረጠ ሰው መጨረሻው ያው ሰማያዊ ገጽ ነው። ፋይሎቹ በፍሎፒው ላይ በማኅደር ውስጥ ሳይሆን በግልጥ መቀመጥ አለባቸው። ፍሎፒውም ቶሎ መውጣት የለበትም፤ ፋይል በሚገለበጥበት ጊዜ ሁለተኛ ይነበባልና።

ኤክስፒ በዚህ ጊዜ ከፍሎፒ በቀር ከፍላሽም ሆነ ከሲዲ ድራይቨር አይቀበልም። የፍሎፒ ማንበቢያ ባጣ ኮምፒውተር ላይ ሁለት መንገድ ይቀራል። አንደኛው «ኤንላይት» በሚባል ፕሮግራም ድራይቨሩን ከኤክስፒ ሲዲ ግልባጭ ጋራ ቀላቅሎ አዲስ ሲዲ መጻፍ ነው። ሁለተኛውና ቀላሉ ባዮሱን ወደ አይዲኢ ማድረግ ነው፤ ተራ ዲስክ ላለውና ለሒሳብ ሥራ ብቻ ለሚያገለግል ኮምፒውተር ይህ እምብዛም የሚሰማ ልዩነት አያመጣም። አንዳንድ ላፕቶፖች ግን ይህ ምርጫ የላቸውም፤ ለእነርሱ ድራይቨሩ ግዴታ ነው። ኤክስፒ ከ137 ጊጋባይት የሚበልጥ ዲስክ በትክክል የሚያውቀው ከመጀመሪያው ሰርቪስ ፓክ ወዲህ ስለ ሆነ፥ ትልቅ ዲስክ የሚገባለት ከሆነ ይህም አስቀድሞ መታየት አለበት።

ከቪስታ ወዲህ ያሉት ዊንዶውሶች ሥራውን አቅልለውታል። ዲስክ ተመርጦ በሚጫንበት ገጽ ላይ «ሎድ ድራይቨር» የሚል ቃል አለ፤ ድራይቨሩም ከፍላሽ ይሰጠዋል። የወረደው ድራይቨር በታሸገ ፋይል መልክ ከሆነ አስቀድሞ ተፈትቶ በፍላሹ ላይ ይቀመጥ።

ዊንዶውስ ተጭኖ እያለ ምርጫውን ከአይዲኢ ወደ ኤኤችሲአይ መለወጥ የሚፈልግ ሰው ተራውን መጠበቅ አለበት፤ ድራይቨሩ ይቀድማል፥ ባዮሱ ይከተላል። በዊንዶውስ 7 «ሬጅስትሪ» በሚባለው መዝገብ «ኤምኤስኤኤችሲአይ» ከሚለው ሥር «ስታርት» የሚለው ቍጥር ከ3 ወደ 0 ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ባዮሱ ይለወጣል። በዊንዶውስ 10 ደግሞ በ«ኤምኤስኮንፊግ» በኩል «ሴፍ ቡት» ተመርጦ ባዮሱ ይለወጣል፤ ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ በዚህ ሁኔታ ከተነሣ በኋላ ምርጫው ይነሣለታል። በኤክስፒ ላይ ግን ይህ አድካሚና አስጊ ስለ ሆነ፥ ደኅና የሚሠራውን እንዳለ መተው ይበልጣል።

7ኛ. ለነጋዴው የሚቀረው ጥንቃቄ

ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛ ነጋዴ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ድራይቨሩንም ይጠይቅ። የሚሸጠውም ድራይቨሩን በፍላሽ አድርጎ ከዕቃው ጋራ ቢሰጥ የደንበኛውን አመኔታ ያተርፋል፤ ቈይቶ የሚመጣበትንም አቤቱታ ያስቀራል። ኮምፒውተሩ ደኅና እየሠራ ሳለ በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ተጽፎ ከሣጥኑ ውስጠኛ ክዳን ላይ ይለጠፍ፤ የሞዴሉ ቍጥር፥ የመቈጣጠሪያው ሁለት ቍጥሮች፥ የባዮሱ ምርጫና ባትሪዋ የተለወጠችበት ቀን። ይህን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

ደግሞም የአሮጌ ዊንዶውስ ዘመን ማለፉን መርሳት አይገባም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ያደርግ የነበረውን ድጋፍ በሚያዝያ 2014፥ ለዊንዶውስ 7 በጃንዋሪ 2020፥ ለዊንዶውስ 10 በኦክቶበር 2025 አቁሟል። ስለዚህ መዝገብ የያዘ የኤክስፒ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ጋራ ባይገናኝ ይመረጣል፤ ድራይቨሩም በሌላ ኮምፒውተር ወርዶ፥ ከቫይረስ ተመርምሮ፥ በፍላሽ ይምጣለት። የመዝገቡም ግልባጭ በየሳምንቱ በውጭ ዲስክ እየተወሰደ ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ።

ጠጋኝ መጥቶ «ፎርማት ይደረግ» ባለ ጊዜ ነጋዴው ሦስት ጥያቄ ያቅርብ። የዲስኩ ስም በባዮስ ይታያልን? ምርጫው አይዲኢ ነው ወይስ ኤኤችሲአይ? ግልባጭስ ተወስዷልን? ለሦስቱም ጥርት ያለ መልስ ሳይሰማ መዝገቡን ለማንም አሳልፎ አይስጥ።